አቶ መጣሁ ከምድር ቤት እስከ ሦስተኛ ፎቅ

የሾፌር ሥራ መንዳት የሚመስለው ሰው ሾፌር ሆኖ የማያውቅ ሰው ነው። የሾፌር ሥራ መጠበቅ ነው። የመሥሪያ ቤታችንን ነጭ ፒክአፕ በሩ ላይ አቁሜ አለቃ ስጠብቅ፣ ፖስታ ስጠብቅ፣ ፊርማ ስጠብቅ ነው ጎልማሳነቴ እያለቀ ያለው። የሚጠብቅ ሰው ሌላ ሥራ ስለሌለው ሰው ማየት ይለምዳል። ማን ተቆጥቶ እንደወጣ፣ ማን ደግሞ ተቆጥተውት እንደወጣ ከደረጃ አወራረዱ እለያለሁ። እንደ መጣሁ ያለ የደከመ አረማመድ ግን አይቼ አላውቅም።

መጣሁ ቅጽል ስሙ ነው። የሕንፃው የኮምፒውተር ባለሙያ እሱ ነው፤ አንድ ለናቱ። ስልኩ ሲጮህ ማን እንደደወለ ሳያይ "መጣሁ!" ይላል እንጂ "ሃሎ" ማለት ከተወ ቆይቷል። እንዲያውም አንድ ጊዜ ቁጥር ተሳስታ የደወለች ሴት "መጣሁ" ሲላት "ኧረ የት ነው የምትመጣው አንተ ባለጌ!" ብላ ጆሮው ላይ ዘጋችበት አሉ። ከዚያ ወዲህ የእናት አባቱን ስም የሚያስታውሰው ደመወዝ ከፋይዋ ብቻ ናት። እኔ ጋሽ መጣሁ እለዋለሁ፤ አቤት ይለኛል።

ወደዚህ ሕንፃ የገባው የጽሕፈት መኪና ጠጋኝ ሆኖ ነው። ያኔ ፀጉሩ ጥቁር፣ ትከሻው ሰፊ ነበር ይላሉ የቆዩ ሰዎች። የጽሕፈት መኪኖቹ ተጠራርገው መጋዘን ሲወርዱ አብሯቸው ላለመውረድ ከሥራ በኋላ እየሄደ ኮምፒውተር ተማረ። አሁንም ግን ልቡ ከእነዚያ ጋር ነው። "የጽሕፈት መኪና ሲታመም ይታያል" ይለኛል። "ፊደሉ ይጣበቃል፣ ጥብጣቡ ይላላል። ኮምፒውተር እኮ ፊቱ እየሳቀ ነው ሆዱ ውስጥ የሚሞተው።"

ክፍሉ ከደረጃው ሥር ናት። ጣሪያዋ ደረጃውን ተከትሎ ስለሚያዘቀዝቅ ሲገባ አንገቱን ይደፋል፤ ሲወጣ ማቅናቱን ይረሳዋል። ውስጧ የገመድ ጥቅልል፣ ፊደላቸው የወላለቀ ኪቦርዶችና ቀን ከሌት የሚያጉረመርም ሰርቨር ነው ያለው። ሕንፃው ሦስት ፎቅ አለው። አሳንሰሩ ላይ "በጥገና ላይ" የሚል ወረቀት ከተለጠፈ ብዙ ዘመኑ ነው፤ አሁን ጥገና የሚያስፈልገው ወረቀቱ ነው። ስለዚህ መጣሁ ቀኑን ሙሉ ደረጃ ይወጣል፣ ደረጃ ይወርዳል። የጫማው ተረከዝ በአንድ በኩል አልቋል። መኪና ውስጥ ሲገባ ደግሞ የግቢውን በር ሳናልፍ ይተኛል፤ አፉን ከፍቶ፣ ስልኩን እንደያዘ።

የዚያን ቀን ግን አልተኛም ነበር፤ የሚሄደው ወደ አባቱ ነበርና።

አባቱ ዓይናቸውን የዓይን ሞራ ከጋረደው ዓመታት አልፈዋል። አብረውት ነው የሚኖሩት፤ ድምፁን ይሰማሉ፣ እጁን ይዳብሳሉ፣ ፊቱን ግን አያዩም። ኦፕሬሽን ሲባሉ "የማየውን አይቻለሁ" እያሉ አሻፈረኝ ብለው ከረሙ። እህቱ ለምና፣ እሱ ለምኖ፣ በመጨረሻ እሺ አሉ፤ እሺ ያሉት ግን በአንድ ቃል ነው። "ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ የማየው ልጄን ነው። እሱ ከሌለ ማንም እንዳይነካኝ።" መጣሁም "እሺ አባዬ፣ እመጣለሁ" አላቸው። ትናንትና ቀኝ ዓይናቸው ተሠርቶ ታሽጎ አደረ። ፋሻው የሚፈታው ዛሬ ከሰዓት፣ ሐኪሟ ወደ ቤቷ ከመሄዷ በፊት ነው።

"አባዬ ክፍል ውስጥ ያለውን በሽተኛ ሁሉ አሰልችቶታል አሉ" አለኝ ጠዋት በሩ ላይ ስንገናኝ። "'ልጄን ስታዩት! ቁመቱ፣ ፀጉሩ!' እያለ። ፀጉር ሲል እኔ ራሴን ዳበስኩ።"

ሳቅኩበት። እሱም ሳቀ። ከቀረው ፀጉር ውስጥ ጥቁር ለማግኘት ፋኖስ ያስፈልጋል።

ለመሄድ ግን ሥራ አስኪያጁ መፍቀድ ነበረበት። ሥራ አስኪያጁ አዲስ ነው፤ አዲስ ደግሞ ሲመጣ ባዶ እጁን አይመጣም፣ ሕግ ይዞ ነው የሚመጣው። እስካሁን በሕንፃው ያለ ኮምፒውተር ሁሉ ለየብቻው ጎጆ ወጥቶ የሚኖር ነበር። ከአሁን በኋላ ሁሉም ከደረጃው ሥር ባለው ሰርቨር ተመዝግቦ አንድ ቤተሰብ ይሁን ተባለ። ዶሜን ይሉታል። መጣሁ ለእኔ ሲያስረዳኝ "እንደ ግቢ ዘበኛ አድርገህ አስበው" ነው ያለኝ። ሰርቨሩ እያንዳንዱን ኮምፒውተር በስሙ ያውቀዋል፤ ሲመዘግበውም ሁለቱ ብቻ የሚያውቁት የምስጢር ቃል ይሰጠዋል። ስሙን ተናግሮ ቃሉን የመለሰ ይገባል። ያልመለሰ ፋይል አይከፍትም፣ ወረቀት አያትምም፣ ግቢውን አይረግጥም። ስም በማውጣት እንዳንጨቃጨቅ ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ቁርጡን ተናገረ፦ የኮምፒውተሩ ስም የበሩ ቁጥር ይሁን።

በእኛ መሥሪያ ቤት ለዚህ ማንም አልተገረመም፤ ሰዉም የሚጠራው በበሩ ቁጥር ነው። ሳምንቱን ሙሉ መጣሁ በር በበር እየዞረ ታርጋውን እያነበበ መዘገበ። የቀረው አንድ ብቻ ነበር፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ ለመስክ ሥራ ወጥቶ የሰነበተው የግዢ ክፍሉ ልጅ። ከረባት እንለዋለን፣ ሲተኛም የሚያወልቅ ስለማይመስለን።

"የእሱን አስገባና ሂድ" አለው ሥራ አስኪያጁ። "መኪናውም ወደዚያው ዕቃ ያደርሳል፣ ይውሰድህ። ግን ነገ ጠዋት ከዋናው መሥሪያ ቤት ሰዎች ይመጣሉ። አንድም ኮምፒውተር ውጭ ቀርቶ ከግቢ እንዳትወጣ።"

ከምሳ በኋላ ሞተር አስነስቼ ጠበቅሁ። መጣሁ ወጣ፤ ኮቱን ለብሷል፣ ፀጉሩን በውኃ አስተኝቷል። ገብቶ ተቀመጠ፣ ቀበቶውን አሰረ። ቀበቶ ሲያስር ያየሁት ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

"ገባ?"

"የከረባት ገባ። ሁሉም ገባ። ንዳ።"

ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ፤ እኔም የግቢውን በር እስክናልፍ አላምንም ብዬ ቀስ አልኩ። በሩ ጋ ሳንደርስ ስልኩ ጮኸ።

"መጣሁ!" አለ፣ ከአፉ አምልጦት።

የደወሉት የጡረተኞች ጉዳይ ክፍል ኃላፊዋ ነበሩ። ከእሱም ከእኔም ቀድመው ሕንፃው ውስጥ የገቡ፣ የሁላችን ታላቅ ናቸው። እትዬ አርባ ሁለት ነው የምንላቸው። ድምፃቸው ከስልኩ ወጥቶ እኔ ጋ ይደርስ ነበር። "አንተ ልጅ፣ ማሽኔ አላውቅሽም አለኝ! በሬ ላይ ሽማግሌዎች ተደርድረው ነው ያሉት። ና ቶሎ!"

"አንድ ደቂቃ ናት" አለኝና ቀበቶውን ፈታ።

ጠበቅሁ። ሥራዬ ነው። ተመልሶ መጣ፤ "አስተካከልኩት፣ እንደገና መዘገብኩት" አለ። ተቀመጠ፣ ቀበቶ፣ በሩ። ስልክ።

አሁን ከረባት ነው። "ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ቅድም ያስገቡት ማሽን ወጥቷል። የሆነ ነገር ጽፎ ዘጋኝ።"

መጣሁ ሰዓቱን አየ፣ ሕንፃውን አየ፣ እኔን ግን አላየኝም። ወርዶ ሦስተኛ ፎቅ ወጣ። ከዚያ ሲመለስ ደረጃው ላይ ሳለ እትዬ አርባ ሁለት በበራቸው ብቅ ብለው ጠሩት። ከእሳቸው ሲወጣ ከረባት ከላይ ጮኸ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ አንዱን አስሮ ሳይጨርስ ሌላው ይፈታበት ጀመር። እኔ ሞተሩን አጠፋሁት። ንዴቴ ግን አልጠፋም። ገብቼ ጎትቼ ላወጣው ወሰንኩ።

እትዬ አርባ ሁለት ቢሮ ስገባ መጣሁ ጎንበስ ብሎ ኪቦርዱን ይነካል፣ እሳቸው ከጀርባው እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ቆመዋል። በሩ ላይ ምርኩዝ የያዙ አዛውንቶች አግዳሚ ወንበሩን ሞልተውታል። ስክሪኑ ላይ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ አንድ መስመር አለ።

"ምን ይላል?" አልኩት።

"'በዚህ ኮምፒውተርና በዋናው ማሽን መካከል ያለው መተማመን ፈርሷል' ነው የሚለው።"

"እሱ ገና አሁን ነው እንዴ የሰማው?" አሉ እትዬ። "እዚህ ቤት መተማመን ከፈረሰ ስንት ዘመኑ!"

አዛውንቶቹ ሳቁ። መጣሁ አልሳቀም። እንደገና መዘገበው፣ አጥፍቶ አስነሳው፣ ገባ። እትዬ "እሰይ" አሉና የመጀመሪያውን ሽማግሌ ጠሩ። እኔ የመጣሁን ክንድ ይዤ ወደ ውጭ ስስበው ስልኩ ጮኸ፤ እህቱ ናት።

"የት ደረስክ?" ትላለች። "ሐኪሟ መጥታለች እኮ! አባዬ 'ሽንቴ መጣ' ብሎ መጸዳጃ ቤት ገብቶ በሩን ቆልፏል። አልወጣም አለ። ነርሷ እየተቆጣችኝ ነው።"

"መጣሁ" አለ። "አቆዪልኝ። መጣሁ።"

ስልኩን ሳይዘጋው ከላይ የከረባት ድምፅ መጣ፤ "ጋሼ! ደግሞ ወጣ!"

ደረጃው ላይ ሥራ አስኪያጁ ወደ ታች ሲወርድ አገኘን። ዓይኑ በእጁ ባለው ስልክ ላይ ነው። "አለቀ?" አለ ቀና ሳይል። መጣሁ "ሁለት ቀርተዋል፣ አንዱ ሲገባ አንዱ..." ብሎ ሳይጨርስ "ጥሩ፣ ጥሩ" ብሎ አለፈ። መልሱን ሳይሰማ የሚያመሰግን ሰው እንደዚያ ቀን አስጠልቶኝ አያውቅም።

ሁለተኛ ፎቅ ስንደርስ መጣሁ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ሰው ለማረፍ እንደሚቀመጠው አይደለም፣ እንደወረደ ሸክም ነው የተቀመጠው። እኔ ያኔ ጮኽኩበት። ለምን እንደጮኽኩ አሁንም አላውቅም፤ ስለራሴ ይሁን ስለእሱ።

"ተነስ! ተወው ይቃጠል! አባትህ ሽንት ቤት ተቆልፈው እየጠበቁህ አንተ እዚህ ለእነዚህ ቆርቆሮዎች ትሞታለህ? እንዳትወጣ አሉህ? ውጣ! ያባርሩህ!"

አልሰማኝም። እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ቀስ ብሎ ለራሱ ያወራል። "እሳቸውን ሳስነሳ እሱ ይወድቃል። እሱን ሳስነሳ እሳቸው። ሌላ ማንም አይነካም። ሁለቱ ብቻ። አንድ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት ማለት ነው... አንድ ወንበር..."

ከዚያ ብድግ ብሎ ወጣ፤ እኔም ተከተልኩት። ከረባት በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። መጣሁ ከረባትን አላየውም፤ በሩ ላይ ያለችውን ሰማያዊ ታርጋ ነው ያየው። አርባ ሁለት። አዲስ ናት፣ ታብረቀርቃለች። በስተግራ ያለው በር አርባ አንድ፣ በስተቀኝ አርባ ሦስት።

ወደ ታች ወረደ። ምድር ቤት ኮሪደሩ ላይ ቆመ። አሥራ አንድ። ቀጥሎ አርባ ሁለት። ቀጥሎ አሥራ ሦስት።

ያንን በር እኔ በቀን ስንቴ አልፈዋለሁ! እሱማ ክፍሉ ከጎኑ ናት። ባለጉዳዩም፣ ዘበኛውም፣ ሥራ አስኪያጁም ያልፈዋል። በአሥራ አንድና በአሥራ ሦስት መካከል አርባ ሁለት ተለጥፎ ዓመት ሲሞላው አንድ ሰው እንኳ ምነው አላለም። ነገር በዓይን ይገባል ይባላል፤ እኛ ግን ስናየው ስለኖርን ማየት ትተን ነበር። የዓይን ሞራው ለካ የአባቱ ብቻ አልነበረም።

"በእጄ" አለ መጣሁ። "ባለፈው ሳምንት ይቺን አንብቤ አርባ ሁለት ብዬ ጻፍኩ። ዛሬ ጠዋት ያቺን አንብቤ አርባ ሁለት ብዬ ጻፍኩ። ሰርቨሩም መዝጋቢው ያው እኔ ስለሆንኩ ያንኑ ማሽን እንደገና ያስገባል ብሎ አሰበ። ላዲሱ አዲስ ቃል ሰጠና የፊተኛውን ሰረዘው። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ አንድ ልብስ ከአንዱ ወንድም እያወለቅሁ ለሌላው አለብሳለሁ።" ሳቀ። ድካም የበዛበት ሳቅ ሲሰሙት ደስ አይልም።

ገባንና ለእትዬ አርባ ሁለት ነገራቸው። ወዲያው ፊታቸው ተለወጠ።

"የእኔን ቁጥር ነው እንግዲህ የምትፈልጉት?"

"አይደለም እትዬ፣ የበሩን ሳይሆን..."

"ስማ። ሦስተኛ ፎቅ ያ ክፍል የእኔ ነበር። እነዚህ ሽማግሌዎች ደረጃ አይወጡም ተብሎ ነው የወረድኩት፤ እሺ አልኩ። መስኮቴን ትቼ፣ ፀሐዬን ትቼ ወረድኩ። ቁጥሬን ግን ራሴ በቢላ ፈትቼ ይዤ ወረድኩ። በዚህ ቤት ሁሉም እንደዚያ አይደለም እንዴ የሚያደርገው? ጡረተኛ ከገጠር ሲመጣ 'አርባ ሁለት ቁጥር ሂድ' ተብሎ ነው የሚመጣው። ቁጥሬን ከተውኩማ ማን ያገኘኛል? እዚህ የነበረው ሰውዬም አሥራ ሁለት ቁጥሩን ይዞ ነው ጡረታ የወጣው፤ ቤቱ በር ላይ ለጥፎታል አሉ!"

እውነታቸውን ነው። ያልተጻፈ ልማዳችን ነው፤ ሰው ክፍል ሲቀይር ታርጋውን ፈትቶ ይሄዳል። ጥገና ክፍል ደግሞ ባዶ በር ሲያይ የጎደለውን ቁጥር አሳትሞ ይለጥፋል። ሁሉም ሥራውን በትክክል ሠርቷል። ከሁሉም ትክክል ሥራ በኋላ የሚሰቃየው መጣሁ ነው።

"እትዬ፣ ታርጋዎን ማንም አይነካም" አለ መጣሁ በለሰለሰ ድምፅ። "ማሽኑ ሆድ ውስጥ ያለውን ስም ብቻ ነው የምቀይረው። ለእርስዎ አይታይም። ይፍቀዱልኝና..."

እኔ መታገስ አልቻልኩም። "እትዬ፣ የዚህ ሰውዬ አባት ዓይናቸው ተሠርቶ ታሽጎ ልጄ ካልመጣ አልፈታም ብለው እየጠበቁት ነው! ከምሳ ጀምሮ!"

እትዬ እጃቸው ከወገባቸው ወረደ። አንድ ጊዜ እሱን፣ አንድ ጊዜ እኔን አዩ።

"እና ይሄን ሁሉ ሰዓት እኔ ጋ ምን ትሠራለህ?" ብለው ጮኹበት። "አባትህ እየጠበቁህ አንተ ከእኔ ጋር ስለ ቁጥር ትከራከራለህ? ቀይረው! የፈለግኸውን በለው! ድመት በለው!"

ድመት አላለውም። ከደረጃው ሥር ገብቶ ሰርቨሩ ላይ ሌላ አሥራ ሁለት አለመኖሩን አየ። "አሁን ደግሞ ሌላ ካለ እዚሁ ነው የምቀበረው" አለኝ። አልነበረም። የእትዬን ማሽን አሥራ ሁለት ብሎ ሰየመው፣ አጥፍቶ አስነሳው፤ ገባ። ሦስተኛ ፎቅ ወጥቶ የከረባትን አርባ ሁለት ብሎ እንደገና መዘገበው፤ ገባ። ታች ያሉትን እትዬን በስልክ ጠየቅናቸው፤ እንደገቡ ናቸው። ከረባትም እንደገባ ነው። መጣሁ ትንሽ ጠበቀ፣ ሁለቱም ዝም ሲሉ ማመን አቅቶት።

መንገድ ላይ አልተኛም። ቀይ መብራት ላይ ስንቆም እግሩ ወለሉን ይረግጣል፣ የሚነዳው እሱ ይመስል። "ፀጉሬ" አለኝ አንድ ጊዜ፣ "ምን ይመስላል?" ጥሩ ነው አልኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ የዋሸሁት ያኔ ነው።

የዓይን ሆስፒታሉ ኮሪደር ባዶ ነበር። ሐኪሟ ሄዳለች። እህቱ በር ላይ ቆማ ስታየን ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ በደስታ ይሁን በንዴት አልገባኝም። ነርሷ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ቆማለች። "እኚህ አባት" አለች፣ "ሦስቴ ሽንት፣ ሁለቴ ጸሎት። አሁንስ ልሄድ ነበር። ሐኪሟ እኔ እንድፈታው ነግራኝ ነው የሄደችው።"

አልጋው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ ቀጭን፣ ንጹሕ ሽማግሌ፣ ቀኝ ዓይናቸው ላይ ነጭ ፋሻ። "መጥቷል?" አሉ። እህቱ "መጥቷል አባዬ" አለቻቸው። መጣሁ ግን ድምፁ አልወጣም። ከአልጋው እግርጌ ቆመ። እኔም አጠገቡ ቆምኩ፤ መውጣት ነበረብኝ፣ ግን አልወጣሁም።

ነርሷ ፋሻውን በቀስታ አነሳች፣ ዓይናቸውን በእርጥብ ጥጥ ጠረገች። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈን ከፈት አደረጉ። እንባ ወረደ። መጀመሪያ መስኮቱን አዩ። ቀጥለው ልጃቸውን፣ ሴቷን፣ አዩና "ወፍረሻል" አሏት። ቀጥለው ወደ እኛ ዞሩ።

እኔን ነው ያዩት። እኔ ረጅም ነኝ፣ ትከሻዬ ሰፊ ነው፣ ፀጉሬ ጥቁር ነው፣ ገና አርባ አልሞላኝም። ፊታቸው በራ። ሁለት እጃቸውን ወደ እኔ ዘርግተው "ልጄ!" አሉ። "አላልኳችሁም? ቁመቱን ተመልከቱ!"

 እኔ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ። 'ልጄ' የሚለውን ስም ሌላ ሰው ይዞት ነበር፤ ዓይናቸው ሳይጠፋ በፊት የነበረው ወጣት። እሱ ቦታውን ይዞ ቁጭ ብሎ ሳለ ይሄ ከጎኔ የቆመው ጎባጣ ሰውዬ የት ይገባል?

"አባዬ" አለ መጣሁ ከጎኔ። "መጣሁ።"

ሽማግሌው ድምፁን ሲሰሙ አንገታቸው ዞረ። እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ "እስቲ ድገመው" አሉ።

"መጣሁ አባዬ። ዘገየሁ፣ ይቅር በለኝ።"

ዓይናቸውን ከፈቱና አዩት። ያቺን አንዲት ዓይናቸውን ፀጉሩ ላይ፣ ግንባሩ ላይ፣ ትከሻው ላይ፣ እስከ ጫማው ድረስ አዞሯት። ቀኑን ሙሉ ያንን ሰው ስንቶቻችን ጠራነው! ከላይ ጠራነው፣ ከታች ጠራነው፣ ጮኽንበትም። አንዳችን ግን ፊቱን አላየንም። እኔም ብሆን ተረከዙን እንጂ ፊቱን አይቼው አላውቅም ነበር።

"ምነው ልጄ" አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው። "ምን አድርገውህ ነው እንዲህ የደከምከው?"

መጣሁ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ራሱን አባቱ ጭን ላይ አደረገ፤ ያ ሁሉ ሽበት። አባቱ እጃቸውን ጭንቅላቱ ላይ አሳረፉ፣ እንደሚያውቁት፣ በመዳበስ። እህቱ አለቀሰች። ነርሷ ቦርሳዋን አስቀመጠች።

ያኔ ስልኩ ጮኸ። ኮቱ ኪስ ውስጥ ነበር። መጣሁ እጁን ሊሰድ ሲል ቀደምኩትና አወጣሁት። ከረባት ነው። "ጋሼ፣ ሁሉም ጥሩ ነው፤ ፕሪንተሩ ብቻ..."

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝ። "ማነው?"

"ከሥራ ነው አባባ።"

"ምን ይላል?"

"ይምጣልን ነው የሚሉት።"

እጃቸውን ከልጃቸው ራስ ላይ ሳያነሱ፣ "አይመጣም በላቸው" አሉኝ።

አይመጣም አልኳቸውና ስልኩን አጠፋሁት።